ምስጢር ያትም የነበረው ሰው

ይህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጅማ ውስጥ ለአንድ የንባብ ክበብ ያቀረብኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች ስለጠየቁኝ እንደተናገርኩት አድርጌ ጻፍኩት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወዳጆቼ፣ ዝናቡ ሳያስቀራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ይህን በርጩማ ከቤቴ ተሸክሜ ያመጣሁት ልቀመጥበት አይደለም። እስቲ እዩት። ሦስት እግር አለው። መቀመጫው ጎድጎድ ያለ ነው። ሚስማር የለውም፣ ማጣበቂያ የለውም፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው። እንደዚህ ያለው በየቤታችሁ አለ። ማን ጠረበው?

(ከኋላ አንድ ልጅ «የጅማ ሰው!» አለ።)

ልክ ነህ። ግን የትኛው የጅማ ሰው? እኔም አላውቅም። ከዓመታት በፊት ሐሙስ ቀን ሂርማታ ገበያ ከአንድ ሽማግሌ ገዛሁት። ዋጋ ተከራከርኩ፣ ቀነሱልኝ፣ ተሸክሜ ወደ ቤት። እንጨቱ ምን እንደሆነ ጠይቄአቸዋለሁ፤ ዋንዛ ነው ብለውኛል። ስማቸውን ግን አልጠየቅኩም።

ዛሬ የማወራችሁ ስም ይጠይቅ ስለነበረ ሰው ነው። ጆን ሙልሆላንድ ይባላል። አሜሪካዊ ነው። በመድረክ ላይ ምትሃት ያሳይ ነበር። እኔን የሳበኝ ግን ሌላው ሥራው ነው። ከ1930 እስከ 1953፣ ለ23 ዓመት፣ «ዘ ስፊንክስ» የሚባል የምትሃተኞች ወርኃዊ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ነበር። ሒሳቡን ስሠራው ከ250 በላይ ዕትም ይሆናል። በየወሩ ምስጢር ያትም ነበር ማለት ነው። ምስጢርን አትሞ ምስጢር አድርጎ ማቆየት እንዴት ይቻላል? ይህ ጥያቄ ለወራት ሰላም ነስቶኛል።

ከመቀጠሌ በፊት ግን አንድ ነገር ላጥራ። ማስታወቂያው ላይ «ምትሃት» የሚል ቃል ስላለ አንዲት ጎረቤቴ ደውለውልኝ ነበር። «ልጄ፣ ምነው እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ገባህ?» አሉኝ። «እማማ፣ ጥንቆላ አይደለም፤ የእጅ ቅልጥፍና ነው» አልኳቸው። ብዙም አላመኑኝም። ስጋታቸው ግን እውነተኛ ስለሆነ በቁም ነገር እመልሰዋለሁ። የመድረክ ምትሃተኛ ያታልላል። ተመልካቹም እንደሚታለል ያውቃል፤ ቲኬት የሚቆርጠውም ለዚያ ነው። ጠንቋይ ግን «እውነት ነው» ብሎ የተጨነቀ ሰው ኪስ ያራቁታል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከማንም በላይ የሚያውቁት ምትሃተኞቹ ራሳቸው ናቸው። ሙልሆላንድ በ1938 አንድ ሙሉ መጽሐፍ የጻፈው በዚህ ጉዳይ ላይ ነው። የሙታንን መንፈስ እንጠራለን እያሉ ሐዘንተኛን የሚበዘብዙ ሰዎች በየት በኩል እንደሚያታልሉ አስረድቷል። እማማ መጽሐፉ በአማርኛ ቢኖር ኖሮ ይወዱት ነበር።

ስለ ቃል ካነሳሁ አይቀር፣ ሌላም ቃል አለን፤ «አስማት»። በግዕዝ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ስሞች» ማለት ነው። የስም ብዙ ቁጥር። በጸሎት ክታብ ላይ የሚጻፉት የተሰወሩ ስሞች ናቸው ለቃሉ ዛሬ የምናውቀውን ትርጉም የሰጡት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሙልሆላንድ የተወለደው በ1898 ቺካጎ ነው። ያደገው ኒው ዮርክ። አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው በዘመኑ ስመ ጥር የነበረውን ሃሪ ኬላርን መድረክ ላይ አየው። በቃ፣ ልቡ እዚያው ቀረ። በ13 ዓመቱ ጆን ሳርጀንት የሚባል አንጋፋ ምትሃተኛ ዘንድ ይማር ጀመር። ሳርጀንት የአሜሪካ ምትሃተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው። ልጁ አደገና መምህር ሆነ። የሚያስተምረው ምን መሰላችሁ? የእጅ ሥራ። እንጨትና መጋዝ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ነገር በእጅ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ለልጅ ማስረዳት የለመደ ሰው ነው የአዘጋጅነቱን ወንበር የያዘው። ኋላ ማስተማሩን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለትርኢት ሰጠ። ብዙ አገር ዞሯል። ዋይት ሐውስ ድረስ ተጠርቶ አሳይቷል። ይህን ቶሎ አልፈዋለሁ፤ ጭብጨባው የእኔ ጉዳይ አይደለም።

መጽሔቱን እሱ አልመሠረተውም። «ዘ ስፊንክስ» በ1902 ቺካጎ ውስጥ ተጀመረ። ስሙን የወሰደው ከግብፁ ሐውልት ነው፤ ያ የማይናገረው ድንጋይ። ብዙም ሳይቆይ ዶክተር ዊልሰን የሚባል የካንሳስ ሲቲ ሐኪም ተረከበው። ሐኪሙ ቀን በሽተኛ ያያል፣ በቀረው ጊዜ መጽሔት ያዘጋጃል። እንዲህ እያለ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ያዘው።

እዚህ ላይ ስለ ሁዲኒ አንድ ነገር ልበል። ሃሪ ሁዲኒን የማያውቅ የለም፤ ካቴናና ሰንሰለት የማይዘው ሰው። ሁዲኒ ከዶክተር ዊልሰን ጋር ተጣላ። ተጣልቶ ዝም አላለም፤ በ1906 የራሱን የምትሃተኞች መጽሔት አቋቋመ። ገንዘብ አለው፣ ዝና አለው፣ መጻፍም ይወዳል። መጽሔቱ በ1908 ቆመ። ሁለት ዓመት! ለምን? ገጾቹን ሳስብ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው። ሁዲኒ መጽሔቱን ተፎካካሪዎቹን መምቻ አድርጎት ነበር። መጽሔት ደግሞ የአንድ ሰው ዱላ ሲሆን ዕድሜ የለውም። ስሙን ዛሬ ብዙ ሰው የማያውቀው ሐኪም ግን እስከ 1930፣ እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ ቀጠለ። ሁለቱ በኋላ ታርቀዋል፤ ይህም ደስ ይለኛል።

ሙልሆላንድ የተረከበው ከዚህ ሐኪም ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። እስቲ ይህችን የአንድ ብር ሳንቲም እዩ። በቀኝ እጄ ናት። ወደ ግራ አሳለፍኳት። ግራዬን ጨበጥኩ። ነፋሁበት። ከፈትኩ። የለችም።

(አንዲት ልጅ «ቀኝህ ላይ ናት!» አለች። ሁሉም ሳቀ።)

አየሽ፣ ምስጢሩን በሦስት ቃል ጨረስሽው። «ቀኝህ ላይ ናት።» ልክ ነሽ። አሁን ነይና አንቺ ሥሪው።

(መጣች። ሞከረች። ሦስቴ ሞከረች። ሳንቲሟ ሦስቴም ወደቀች።)

አመሰግናለሁ፣ እህቴ። ነገሩ ይኸው ነው። ምስጢሩ ሦስት ቃል ነው፤ ሙያው ግን ሌላ ነው። ቀኝ እጅ ባዶ ሲሆን እንዴት ነው የሚዝናናው? ሳንቲም የያዘ እጅስ? የግራ እጅ ጣቶች የሚዘጉት በምን ቅደም ተከተል ነው? ትንሿ ጣት ትቀድማለች ወይስ ሌባ ጣት? ዓይኔ መቼ ነው ወደ ግራ የሚሄደው? ከእጄ በፊት ከሄደ ትጠረጥራላችሁ። በጣም ከዘገየም ትጠረጥራላችሁ። እኔ ይህችን አንዲት ነገር በወረቀት ላይ ለማስፈር አንድ ሙሉ ምሽት ፈጅቶብኛል። ጽፌ ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት። አንብቦ ሊሠራው አልቻለም። አጻጻፌ መጥፎ ስለነበረ ነው። እንደገና ጻፍኩት።

የምትሃት መጽሔት አዘጋጅ ሥራው ይህ ነው። አንድ ሰው ከሩቅ ከተማ ደብዳቤ ይልካል። «አዲስ ዘዴ ፈጥሬአለሁ» ይላል። አዘጋጁ መጀመሪያ ተመልካቹ የሚያየውን ይለያል፤ ከዚያ የተደበቀውን፤ ከዚያ አብሮ የሚነገረውን ጨዋታ። ሥዕል ያሠራል። ገጾቹ ላይ ሌላም ነገር አለ። የአዳዲስ መጻሕፍት ሂስ። የትርኢት ወሬ። የዕቃ ሻጮች ማስታወቂያ። የሞቱ ምትሃተኞች የሕይወት ታሪክ። ነፍሱ ግን ያ የዘዴ ገጽ ነው። በዚያ ገጽ ላይ «ሳንቲሙን ደብቅ» ብሎ የሚጽፍ አዘጋጅ ምስጢር አባክኗል፤ ማንንም አላስተማረም። በትዕግሥት የሚጽፍ ግን ምስጢሩን ለሚለፋበት ሰው ብቻ ሰጠው። የማይለፋ ሰው መጽሔቱን ቢያነበውም ሳንቲሟ ከእጁ ትወድቃለች።

በሙልሆላንድ ጊዜ ይህ ነገር ከባድ ፈተና ገጠመው። በ1933 የካሜል ሲጋራ ኩባንያ በጋዜጣ ላይ ተከታታይ ማስታወቂያ አወጣ። የምትሃተኞችን ዘዴ በሥዕል እየገለጠ ሲጋራ ይሸጣል። መታለል ያስደስታል፣ ማወቅ ግን የበለጠ ያስደስታል ነው ነገሩ። ምትሃተኞቹ ተቆጡ። ቁጣቸው ይገባኛል። አንድ ሰው አሥር ዓመት የለፋበት ነገር ከሲጋራ ጋር በምርቃት ተሰጠ! አንባቢውም ምንም አላገኘም። ሊሠራው አይችልም፤ ሊደነቅበትም አይችልም። ሁለቱንም ቀሙት።

እኛ አገር «ሙያ በልብ ነው» ይባላል። ጥሩ አባባል ነው። የማይኩራራን ሰው ያከብራል። ግን እፈራዋለሁ። ስንቱ ሙያ በልብ እንዳለ ተቀበረ? ስንቱ ቀጥቃጭ፣ ስንቷ ሸክላ ሠሪ፣ ስንቱ ሐኪም አዋቂ? እነዚህ የምትሃት መጽሔቶች ያስተማሩኝ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ነው። ለሁሉም አይዘራም። በልብም አይቀበርም። ለሚለፋ ሰው ይጻፋል፤ ከባለቤቱ ስም ጋር።

ከባለቤቱ ስም ጋር። አሁን ወደ «አስማት» ተመለስኩ።

ዘዴ እንደ ዘፈን ወይም እንደ መጽሐፍ በሕግ በቀላሉ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ካየህ መስረቅ ትችላለህ። ታዲያ የፈጠረውን ሰው የሚጠብቀው ምንድን ነው? የመጽሔቱ ገጽ ነው። በዚህ ወር፣ በዚህ ዓመት፣ ይህ ነገር የእከሌ ነው ተብሎ ታትሟል። ሁሉም ባለሙያ አይቶታል። ከዚያ በኋላ የሚሰርቅ ሰው በወዳጆቹ ፊት ያፍራል። ማፈር ትንሽ ነገር አይደለም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አዘጋጁ በየወሩ ስም ይጽፋል። ይህ ዘዴ የማን ነው? ከማን ተማረው? ቀድሞ የሠራውስ አለ? እነዚያ የድሮ ዕትሞች ዛሬ የባለቤትነት መዝገብ ሆነው ያገለግላሉ። እውነተኛው አስማት ለእኔ እዚያ ላይ ነው። ስሞቹ።

ይህን በስሜት የምናገርበት የራሴ ምክንያት አለ። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚኒ ሚዲያ ክበብ እመራለሁ። የግድግዳ ጋዜጣ አለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከአያቱ የሰበሰባቸውን እንቆቅልሾች አመጣልኝ። ደስ የሚሉ ነበሩ። ተቻኩዬ ስለነበር በሌላ ተማሪ ስም ለጠፍኳቸው። ልጁ አይቶ ምንም አላለም። በሚቀጥለው ዕትም ግርጌ ላይ ማረሚያ አወጣሁ፤ በትንንሽ ፊደል። ሄጄም ይቅርታ ጠየቅኩት። «ችግር የለም መምህር» አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ክበቡ አልመጣም። አያቱም የቀሩትን እንቆቅልሾች ይዘው ቆይተው ዓምና አረፉ። አሁን ስም ሳላረጋግጥ አንድም ወረቀት አልለጥፍም።

በዚህ ሙያ ብዙ የቆየው ሙልሆላንድ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር ጉድሊፍ የሚባል ሰው በ1946 «አብራካዳብራ» የሚል መጽሔት ጀመረ። ወርኃዊ አይደለም፤ ሳምንታዊ ነው! በ1980 እስኪሞት ያዘው። ሌሎች ተቀብለው እስከ 2009 አደረሱት። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ1936 የተጀመረው «ጂኒ» ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። ከሁሉም ግን ልቤን የነካው ዣን ሁጋርድ ነው። አውስትራሊያ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ ምትሃተኛ ነው። ከ1943 ጀምሮ በራሱ ስም የሚጠራ ወርኃዊ መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። በመጨረሻ ዓመታቱ ዓይኑ ጠፋ። መጽሔቱን ግን አልተወም። ሌሎች እያነበቡለትና እየጻፉለት ቀጠለ። አስቡት። ሥራው ዓይንን ማታለል ነው፤ እሱ አያይም። አንድ ሰው ዘዴውን ያነብለታል፣ እሱ ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ ልክ መሆን አለመሆኑን በእጁ ያውቃል ብዬ አስባለሁ። በ1959 አረፈ።

ወደ ሙልሆላንድ ልመለስ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ደስ አይልም። ዘልዬው ባልፍ ግን እውነተኛ አልሆንም።

በ1953 «ዘ ስፊንክስ» ቆመ። 51 ዓመት የኖረ መጽሔት ነው። ሙልሆላንድ ለአንባቢዎቹ የሰጠው ምክንያት ጤናው ነበር። በእርግጥም ጤናው ደህና አልነበረም። ግን ሌላም ነገር ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የስለላ ድርጅት፣ ሲ.አይ.ኤ.፣ ቀጥሮታል። ሰላዮች የምትሃተኛን እጅ እንዲማሩ መመሪያ እንዲጽፍላቸው ፈለጉ። ክፍያው 3,000 ዶላር ነበር። ክኒን ወይም ዱቄት ሰው ሳያይ መጠጥ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ፣ ትንሽ ዕቃ እንዴት እንደሚነሣና እንደሚደበቅ ጻፈላቸው። በጫማ ክር አስተሳሰር ምልክት መስጠትን የሚያስረዳ ሌላ ጽሑፍም አለ። ሥራው «ኤም.ኬ.አልትራ» በሚባለው ፕሮግራም ሥር ነበር። ያ ፕሮግራም ለሰዎች ሳያውቁ አደንዛዥ ዕፅ ይሰጥ ነበር። ፍራንክ ኦልሰን የሚባል የአሜሪካ ሳይንቲስት ሳያውቅ ኤል.ኤስ.ዲ. የሚባለው አደንዛዥ ዕፅ ከተሰጠው በኋላ በዚያው በ1953 ኅዳር ከሆቴል መስኮት ወድቆ ሞቷል። በ1973 የድርጅቱ ኃላፊ የፕሮግራሙ ሰነዶች እንዲጠፉ አዘዘ። የሙልሆላንድ መመሪያ ግን ቅጂው ተርፎ በ2009 ለሕዝብ ታተመ።

ይህን ሳነብ አዘንኩ። አሁንም አዝናለሁ። መድረክ ላይ ተመልካቹ ለመታለል ፈቅዶ ይመጣል። መጠጡ ውስጥ ክኒን የሚገባበት ሰው ግን አልፈቀደም። መስመሩ ይህ ነው። ሙልሆላንድ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀው ነበር። በ1938 መጽሐፍ የጻፈበት መስመር ነው! አገሩን የረዳ መስሎት ይሆናል። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ነበር። ቢሆንም ለእኔ አልተዋጠልኝም። ለ23 ዓመት የሌሎችን ሥራ ከስማቸው ጋር ሲያትም የኖረ ሰው ነው። ለሰላዮቹ የጻፈው ግን በሕይወት ሳለ በአደባባይ «የእኔ ነው» ሊለው የማይችል ጽሑፍ ሆነ። በ1970 አረፈ። ሚስጥሩ ያኔ አልወጣም ነበር።

የስለላ ሥራውን በ23ቱ ዓመት ላይ አልዘረጋውም፤ 23ቱንም ዓመት ለስለላ ሥራው መሸፈኛ አላደርገውም። ሁለቱም የእሱ ናቸው።

(ንግግሩ እዚህ አበቃ። ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብዙ መነጋገር አልቻልንም፤ ቡና ተፈልቶ ስለነበር ጠጣን። ጋብ ሲል ሳንቲሟን የሞከረችው ልጅ ጠየቀችኝ፦ «መጽሔቶቹና መጽሐፎቹ አሁን የት አሉ?»)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሙልሆላንድ የምትሃት መጻሕፍትና ዕቃ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነበር፤ ከዓለም ትልልቅ ስብስቦች አንዱ ነው። ከሞተ በኋላ አንድ የካሊፎርኒያ ባንከኛ ገዛው። ባንኩ ከሰረና ስብስቡ በመንግሥት እጅ ገባ። በ1991 ምትሃተኛው ዴቪድ ኮፐርፊልድ በ2.2 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ላስ ቬጋስ ውስጥ ነው ያለው፤ ለማንም ክፍት የሆነ ሙዚየም አይደለም።

«ታዲያ የእኛስ?» አለች።

የእኛ ይኸውላችሁ ብዬ ከቦርሳዬ ደብተር አወጣሁ። ተራ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ባለፈው ሐሙስ ከሁለት ተማሪዎቼ ጋር ሂርማታ ሄደን ነበር። በርጩማዬን የሸጡልኝን ሽማግሌ አላገኘናቸውም። ሌላ ጠራቢ አገኘን። ግንዱ ስንት ወር እንደሚደርቅ፣ መጀመሪያ የሚወጣው እግሩ ይሁን መቀመጫው፣ የትኛው መጥረቢያ ለየትኛው እንደሚሆን ነገሩን። ከማን እንደተማሩም ጠየቅናቸው። ሦስት ሉክ ሞላ። ልጆቹ ሥዕል አክለውበታል። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ የጠራቢው ስም አለ፤ ከሥሩ የአባታቸው፤ ከሥሩ ያስተማራቸው አጎታቸው። ሦስቱንም ስሞች ራሳቸው እያዩ አስተካክለው አስጽፈውናል። አንዱን ፊደል ሁለቴ አስጠፍተውናል።

ደብተሩ ክበቡ መደርደሪያ ላይ ነው። አርባ ሰባት ባዶ ሉክ ይቀረዋል።